ከተርሚናል የሚከፈተው ኢሙሌተር ከዴስክቶፕ ለምን እምቢ ይላል?

የእድራችን ጸሐፊ የሆነ ወዳጄ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የጫማ ካርቶን ታቅፎ ቤቴ መጣ። ካርቶኑ ውስጥ በላስቲክ የታሰሩ ፍሎፒ ዲስኮች ነበሩ፤ በላያቸው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «የአባላት መዝገብ» ተብሎ ተጽፏል። የቀድሞው ጸሐፊ ከዊንዶውስ በፊት በነበረው የዶስ ሥርዓት ዘመን በተሠራ የአማርኛ ፕሮግራም መዝግበው ያቆዩት ነው። ዲስኮቹን ማንበብ ራሱን የቻለ ጣጣ ስለነበረ እሱን ልለፈው። የተነበበውን ወደ ወዳጄ ላፕቶፕ ገለበጥኩ። ላፕቶፑ ላይ ያለው ሥርዓት ዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ ነው። የድሮ ፕሮግራም የሚያስነሳ ኢሙሌተር ከምንጭ ኮዱ ራሴ አዘጋጅቼ (ኮምፓይል አድርጌ) ተርሚናል በሚባለው የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ላይ ትእዛዝ ስጽፍ የእድሩ መዝገብ ከነአማርኛው በጥቁር ገጽ ላይ ብቅ አለ። ወዳጄ አጨበጨበ። ከዚያም እንዲህ አለኝ፦ «እኔ ይህን ሁሉ እየጻፍኩ አልከፍትም። እንደ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ጠቅ ሳደርገው እንዲከፈት አድርግልኝ።»

የአምስት ደቂቃ ሥራ መስሎኝ እሺ አልኩ። ሌሊቱ ሊጋመስ ሲል ገና እዚያው ነበርኩ። ተርሚናል ላይ አንድም ጊዜ እምቢ ያላለ ፕሮግራም በመዳፊት ጠቅ ከሚደረግ የስዕል ምልክት ሲጀመር በአራት ዓይነት መንገድ እምቢ አለኝ። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ «ኮምፓይሉ ተበላሽቷል» ብሎ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ኮምፓይሉ ላይ ምንም ችግር የለም፤ የሚለየው አስጀማሪው ነው። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ከዚህ በታች በቅደም ተከተል እናያለን። የትእዛዞችንና የፋይሎችን ስም እንደ ንባባቸው በፊደላችን አስቀምጣለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጻፉት ግን በላቲን ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኢሙሌተር ምንድን ነው? ዛሬ ለምን ያስፈልጋል?

ኢሙሌተር አንዱ ኮምፒውተር ሌላውን ሆኖ እንዲተውን የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። ለዶስ የተጻፈ ፕሮግራም የሚጠብቀው የዘመኑን ፕሮሰሰር፣ የዘመኑን የስክሪን ካርድና የዘመኑን የድምፅ ካርድ ነው። ዛሬ እነዚህን አያገኝም። ዶስቦክስ የተባለው ኢሙሌተር ሁሉንም በሶፍትዌር አስመስሎ ያቀርብለታል፤ ፕሮግራሙም ያኔ በለመደው ማሽን ላይ ያለ ይመስለዋል። ዶስቦክስ በ2002 የወጣ ሲሆን በዋናነት የታሰበው ለድሮ ጨዋታዎች ነበር። በሳንቲም ለሚሠሩት የአርኬድ ጨዋታ ማሽኖች የተሠራው ማሜ የተባለ ኢሙሌተር ቀደም ብሎ በ1997 ወጥቷል፤ ፋብሪስ ቤላርድ የጀመረው ኪውኤሙ የተባለ ኢሙሌተር ደግሞ በ2003 ተከትሏል።

ለአማርኛ አንባቢ ግን ኢሙሌተር የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የግዕዝ ፊደል የዓለም ፊደላት የጋራ ሰንጠረዥ ወደሆነው ዩኒኮድ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 ስሪት ነው። ከዚያ በፊት ሁሉንም የሚያስማማ የፊደል ሰንጠረዥ አልነበረም። በአንድ ባይት መለየት የሚቻለው 256 ምልክት ብቻ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹን፣ የግዕዝ ቁጥሮችን፣ አራት ነጥብንና ላቲኑን የት ታስቀምጣላችሁ? ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮግራም ጥበቱን በራሱ ዘዴ ይወጣው ነበር። አንዱ «ሀ»ን ባስቀመጠበት ቁጥር ሌላው «ጠ»ን ያስቀምጣል። የዚያን ዘመን ሰነድ በዛሬ የጽሑፍ ፕሮግራም ብትከፍቱት የሚታያችሁ ዝብርቅርቅ ምልክት የሆነው ለዚህ ነው። ሰነዱን በትክክል የሚያነበው የተጻፈበት ፕሮግራም ነው፤ ያን ፕሮግራም የሚያስነሳው ደግሞ ኢሙሌተር ነው።

በዝግጅት የተቀመጠ ዶስቦክስ እያለ ለምን ራስ ኮምፓይል ይደረጋል?

የምንጭ ኮድ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ነው። ኮምፓይል ማድረግ ያን ጽሑፍ ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፋይል መለወጥ ነው። እንደ ኡቡንቱና ዴቢያን ያሉ የሊኑክስ ስርጭቶች ይህን ሥራ ጨርሰው ፕሮግራሙን በጥቅል መልክ ያቀርባሉ፤ ከሱቅ እንደሚገዛ እንጀራ ማለት ነው። አብዛኛው ሰው ከዚህ በላይ አያስፈልገውም፤ እኔም ያለ ምክንያት ምጣድ መጣድን አልመክርም።

የኔ ምክንያት ግን ነበረኝ። መዝገቡን ወደ ዩኒኮድ ለማሸጋገር የድሮው ፕሮግራም እያንዳንዱን ፊደል በየትኛው ቁጥር እንደሚያስቀምጥ ማወቅ ነበረብኝ። ዶስቦክስ ውስጥ የሚሄደውን ፕሮግራም አቁሞ ማህደረ ትውስታውን የሚያሳይ መመርመሪያ አለ፤ ኦልት እና ፖዝ የተባሉት ቁልፎች አብረው ሲጫኑ ይከፈታል። ይህ መመርመሪያ የሚካተተው ግን ኮምፓይል ሲደረግ በግልጽ ከተጠየቀ ብቻ ነው። ስለዚህ የ0.74 ተከታታይን የምንጭ ኮድ አውርጄ፣ «ኮንፊገር» የሚለውን ትእዛዝ መመርመሪያውን ጨምር ከሚል አማራጭ ጋር ሰጥቼ፣ «ሜክ» አልኩት። ከደቂቃዎች በኋላ የተጠናቀቀው ፕሮግራም በምንጭ ኮዱ ፎልደር ውስጥ፣ «ኤስአርሲ» በሚባለው ንዑስ ፎልደር ተቀመጠ።

የሱቁ እንጀራ እና የቤቱ እንጀራ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ጥቅሉ ሲጫን ፕሮግራሙን ሥርዓቱ በሚያውቀው ቦታ ያኖራል፤ ምልክቱንም ሆነ ሜኑ ውስጥ የሚያስገባውን ትንሽ ፋይል፣ እንደ መግቢያ ወረቀት ያለውን፣ ይዞ ይመጣል። ራስ ያዘጋጁት ግን ከምጣዱ ላይ አይነሳም። «ሜክ ኢንስቶል» የሚለው ተጨማሪ ትእዛዝ ፕሮግራሙን በተለምዶ «ዩኤስአር ሎካል ቢን» ወደሚባለው ፎልደር ይወስደዋል፤ ነገር ግን የሜኑ ወረቀቱን የሚጨምረው ሁሉም ፕሮጀክት አይደለም።

ፋይሉን ራሱን ሁለቴ ጠቅ ባደርገውስ?

እኔም መጀመሪያ የሞከርኩት ይህን ነው። ፋይል አቀናባሪው ያሳየኝ መልስ ግራ የሚያጋባ ነበር፤ ይህ ፕሮግራም አይደለም፣ የጋራ ላይብረሪ ነው ይላል። ላይብረሪ ማለት ሌሎች ፕሮግራሞች የሚገለገሉበት እንጂ ብቻውን የማይሄድ ፋይል ነው። ታዲያ ተርሚናል ላይ እንዴት ሄደ?

ነገሩ የደህንነት ታሪክ አለው። ድሮ አንድ ፕሮግራም ማህደረ ትውስታ ውስጥ ሁልጊዜ በአንድ የታወቀ አድራሻ ላይ ያርፍ ነበር። አጥቂ አድራሻውን አስቀድሞ ካወቀ ሥራው ይቀልለታል። ስለዚህ ፕሮግራሞች የትም ቦታ ማረፍ እንዲችሉ ተደርገው መሠራት ጀመሩ። ቋሚ ሱቅ የነበረው ነጋዴ ሸራውን ጠቅልሎ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ እንደሚዘረጋ ማለት ነው። ኡቡንቱ ይህን በ16.10 ስሪቱ፣ ዴቢያን ደግሞ በ2017 በወጣው 9ኛ ስሪቱ የኮምፓይለሩ መደበኛ አሠራር አደረጉት። የትም ቦታ ማረፍ ግን ከጥንትም የላይብረሪዎች ጠባይ ነው። በዚህም ምክንያት አዲሶቹ ፕሮግራሞች በፋይላቸው ራስጌ ላይ ላይብረሪዎች የሚይዙትን የዓይነት ምልክት ያዙ። ራስጌውን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ፋይል አቀናባሪ «ይህ ላይብረሪ ነው» ብሎ አላስጀምርም ይላል። ተርሚናሉ ግን ዓይነት አይጠይቅም፤ የማስኬድ ፈቃድ ካለው ያስኬደዋል።

ፋይል አቀናባሪዎች በዚህ ጉዳይ ከስሪት ስሪት ጠባያቸው ይለያያል። አንዱ ይከፍተዋል፣ ሌላው አይከፍተውም። እዚያ ላይ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም፤ የዴስክቶፑ ትክክለኛ በር ሌላ ነው።

ትክክለኛው በር የትኛው ነው?

ከላይ የሜኑ ወረቀት ያልኩት፣ ማስጀመሪያ ፋይል የሚባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ስሙ «ነጥብ ዴስክቶፕ» በሚል መጨረሻ ይዘጋል። ሊኑክስ ላይ ጂኖም፣ ኬዲኢ እና ሌሎችም የተለያዩ ዴስክቶፖች አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ዓይነት ማስጀመሪያ ቢጠይቅ የፕሮግራም ሠሪው ኑሮ አይገፋም ነበር። በ2000 የተመሠረተው ፍሪዴስክቶፕ የተባለው ፕሮጀክት ሁሉም የሚያነቡትን አንድ ደንብ አስማምቷል። ዛሬ በሜኑአችሁ ውስጥ ከምታዩት ምልክት ሁሉ ጀርባ እንዲህ ያለ ፋይል አለ።

ውስጡ ከደብዳቤ ራስጌ ብዙ አይለይም። የመጀመሪያው መስመር በካሬ ቅንፍ «ዴስክቶፕ ኢንትሪ» ይላል። ቀጥሎ «ታይፕ» የሚለው መስመር ይህ አፕሊኬሽን መሆኑን ይናገራል፤ «ኔም» ሜኑ ላይ የሚነበበውን ስም ይይዛል፤ «ኤግዜክ» የሚሄደውን ትእዛዝ ይይዛል። ለራሳችሁ ብቻ ከሆነ ፋይሉ የሚቀመጠው በቤት ፎልደራችሁ ውስጥ፣ «ነጥብ ሎካል»፣ ከዚያ «ሼር»፣ ከዚያ «አፕሊኬሽንስ» በሚባለው ፎልደር ነው። በነጥብ የሚጀምር ፎልደር የተደበቀ ስለሆነ ፋይል አቀናባሪው ላይ ኮንትሮልና ኤች ተጭናችሁ ነው የምታዩት። የአስተዳዳሪ ይለፍ ቃል አያስፈልገውም።

ይህን ሁሉ አድርጌ ሜኑ ውስጥ ብፈልግ ምልክቱ ጭራሽ የለም።

ምልክቱ ሜኑ ውስጥ ለምን አልታየም?

«ኤግዜክ» ላይ የጻፍኩት አድራሻ የሚጀምረው በሞገድ ምልክት ነበር፤ ተርሚናል ላይ ይህቺ ትንሽ ሞገድ «የቤቴ ፎልደር» ማለት ናት። ግን ይህን ትርጉም የሚሰጣት ሼል ነው፤ ማለትም ተርሚናል ውስጥ ተቀምጦ የምንጽፈውን የሚተረጉመው ፕሮግራም። ከምልክት ስንጀምር በመካከል ሼል የለም። ጂኖም ሞገዷን እንዳለች ወስዶ በዚያ ስም የሚጠራ ፋይል ይፈልጋል፤ ያጣል። ጂኖም «ኤግዜክ» ላይ የተጻፈውን ፕሮግራም ካላገኘ ደግሞ የስህተት መልእክት አያወጣም፤ ምልክቱን ከሜኑ ይደብቀዋል። ለተጠቃሚው ከባዶ ምልክት ይልቅ ምንም አለማየት ይሻለዋል ብለው አስበው ይሆናል፤ ፋይሉን ለሚጽፈው ሰው ግን ጸጥታው ያሳብዳል።

እዚህ ላይ የአድራሻን ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። እኛ ሰው ቤታችን ስንጋብዝ «ከታክሲ ስትወርድ ወደ ላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ሁለተኛው በር» እንላለን። አድራሻው ልክ ነው፤ የሚሠራው ግን ታክሲው ለሚያወርደው ሰው ብቻ ነው። ከሌላ አቅጣጫ ለመጣ ሰው «ወደ ላይ» ትርጉም የለውም። ተርሚናል ላይ ነጥብና ስላሽ የምትባለውን ዘንበል ያለች ጭረት አስቀድመን የምንጽፈው የፕሮግራም ስም እንዲህ ነው፤ «እኔ አሁን ካለሁበት» ማለት ነው። ማስጀመሪያ ፋይል ላይ ግን ከሥሩ የሚጀምር ሙሉ አድራሻ ይጻፋል፦ መጀመሪያ ስላሽ፣ ከዚያ ሆም፣ ከዚያ የተጠቃሚው ስም፣ እያለ እስከ ፕሮግራሙ ድረስ። ከፎልደሮቹ በአንዱ ስም ውስጥ ክፍት ቦታ ካለ ደግሞ አድራሻው በሙሉ በድርብ ትእምርተ ጥቅስ ይታጠራል፤ አለዚያ ክፍት ቦታው ጋ ተቆርጦ ግማሹ ብቻ ይነበባል።

«እኔ ሙሉ አድራሻ ሳልጽፍ በስሙ ብቻ ስጠራው ተርሚናል ላይ ይከፈታል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ያ ግን ሌላ ዘዴ ነው። ሥርዓቱ «ፓዝ» የሚባል የፎልደሮች ዝርዝር አለው። ስም ብቻ ስትጠሩለት በዝርዝሩ ላይ ያሉትን ደጆች በተራ ያንኳኳል፤ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ቤት አይደርስም። ብዙዎቻችን አዲስ ፎልደር ወደ ዝርዝሩ የምንጨምረው «ባሽአርሲ» በሚባለው ፋይል ነው፤ ያን ፋይል የሚያነበው ተርሚናል ውስጥ ያለው ሼል ነው። ዴስክቶፑ በአብዛኛው አያነበውም፤ ስለዚህ ተርሚናሉና ዴስክቶፑ ሁለት የተለያዩ ዝርዝሮች ይዘው ይዞራሉ።

ከዚህ የሚወለድ አንድ ወጥመድ አለ፤ በተለይ ጥቅሉንም የጫነ፣ ራሱም ኮምፓይል ያደረገ ሰው ይወድቅበታል። ሜኑ ላይ ዶስቦክስን ጠቅ ያደርጋል፤ ይከፈታል፤ የራሱ ይመስለዋል። የተከፈተው ግን መመርመሪያ የሌለው የጥቅሉ ዶስቦክስ ነው፤ የሱ ገና ምንጭ ኮድ ፎልደሩ ውስጥ ነው። በአንጻሩ «ሜክ ኢንስቶል» ብሎ ከሆነ፣ በኡቡንቱ የደጆች ዝርዝር ላይ «ዩኤስአር ሎካል ቢን» ስለሚቀድም፣ የጥቅሉ ምልክት የሱን ይከፍትለታል። ሙሉ አድራሻ መጻፍ ከዚህ ሁሉ ግምት ያድናል።

ምልክቱ ታየ፤ ጠቅ ሲደረግ ግን ለምን ጸጥ ይላል?

አድራሻውን ካስተካከልኩ በኋላ ምልክቱ ሜኑ ውስጥ ገባ። ጠቅ አደረግሁት። የመዳፊቱ ቀስት ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ ምንም።

ይህኛው ጥፋት የመጣው ከመመርመሪያው ነው። የዶስቦክስ መመርመሪያ የራሱ መስኮት የለውም፤ የሚጽፈው ፕሮግራሙ በተጀመረበት ተርሚናል ላይ ነው። ከተርሚናል ሲጀመር ጽሑፉን የሚያሳርፍበት ገጽ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ከምልክት ሲጀመር ግን ተርሚናል የለም፤ መመርመሪያው ገጹን ሲያጣ ፕሮግራሙን ይዞት ይወድቃል። ስህተቱን አይናገርም ማለት አይደለም፤ ይናገራል፣ ግን ሰሚ የለም። ተርሚናል የምንከፍተው ትእዛዝ ለመጻፍ ብቻ ይመስለናል እንጂ፣ ፕሮግራሙ የሚለውን የምንሰማበት ጆሮም እሱ ነው።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። ማስጀመሪያ ፋይሉ ላይ «ተርሚናል» የሚል ቁልፍ አለ፤ በተለምዶ «ፎልስ»፣ ማለትም አይ፣ ይባልለታል። «ትሩ»፣ ማለትም አዎ፣ ስትሉት ዴስክቶፑ መጀመሪያ ተርሚናል ከፍቶ ፕሮግራሙን እዚያ ውስጥ ያስነሳዋል። መመርመሪያ የሌለው ኢሙሌተር ይህ አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ያለ ጥቅም ጥቁር መስኮት ይጨምርበታል።

ተከፈተ፤ መዝገቡ ግን የት ሄደ?

«ትሩ» ብዬ ጠቅ ሳደርገው ሁለት መስኮት ተከፈተ፦ ተርሚናሉና ዶስቦክስ። ዶስቦክሱ ግን የእድሩን መዝገብ አላመጣም። የላቲኗ ዜድና ብልጭ ድርግም የምትል ጭረት ብቻ ይታያሉ። ዶስቦክስ ምንም ፎልደር ሳይሰጠው ሲነሳ የሚቆመው ዜድ በሚባለው የራሱ ድራይቭ ላይ ነው፤ «ምን ልክፈት?» እያለ ነው።

ተርሚናል ላይ ግን መዝገቡን ራሱ ይከፍት ነበር። ምክንያቱን ያገኘሁት ቡና አፍልቼ ከተመለስኩ በኋላ ነው። የመዝገቡ ፎልደር ውስጥ «ዶስቦክስ ነጥብ ኮንፍ» የምትባል የቅንብር ፋይል አስቀምጫለሁ፤ በውስጧ «ይህን ፎልደር ሲ ድራይቭ አድርገህ ፕሮግራሙን አስነሳ» የሚል አለ። ዶስቦክስ ሲነሳ በትእዛዙ ላይ ሌላ የቅንብር ፋይል ካልተጠቀሰለት ይህን ስም ያላት ፋይል የሚፈልገው መጀመሪያ በቆመበት ፎልደር ውስጥ ነው። ተርሚናል ላይ ሳለሁ ወደ መዝገቡ ፎልደር ገብቼ ስለምጀምረው እዚያው ያገኛታል። ከምልክት ሲጀመር ግን የሚቆመው በአብዛኛው የቤት ፎልደር ላይ ነው፤ እዚያ ፋይሏ የለችም፤ ስለዚህ ወደ አጠቃላይ ቅንብሩ ይሄዳል፣ እዚያም ስለ እድር የተጻፈ ነገር የለም።

እያንዳንዱ የሚሄድ ፕሮግራም እንዲህ «የቆመበት ፎልደር» አለው። ፕሮግራሙ የተቀመጠበት ቦታ እና የቆመበት ቦታ አንድ አይደሉም፤ ብዙ ሰው የሚያምታታው ይህን ነው። የእድር ሰብሳቢው ቤታቸው ቦሌ ሊሆን ይችላል፤ ስብሰባውን የሚመሩት ግን ድንኳኑ ውስጥ ቆመው ነው፤ «ያን ወረቀት አምጡልኝ» ሲሉ የሚፈለገው ድንኳኑ ውስጥ እንጂ ቦሌ አይደለም። ማስጀመሪያ ፋይሉ ላይ የመቆሚያ ፎልደሩን የሚወስነው ቁልፍ «ፓዝ» ይባላል። ከላይ ካነሳነው የደጆች ዝርዝር ጋር ስሙ አንድ ነው፤ ሥራቸው ግን አይገናኝም። ስም ያወጡለት ሰዎች ይህን አላሰቡበትም መሰለኝ። እዚህ ላይ የመዝገቡን ፎልደር ሙሉ አድራሻ ጻፍኩና አስቀመጥኩት።

ጠቅ ሳደርገው መዝገቡ ተከፈተ። ሌላም መንገድ ነበረኝ፤ «ኤግዜክ» ላይ ከፕሮግራሙ አድራሻ ቀጥሎ የቅንብር ፋይሏን አድራሻ በግልጽ መስጠት ይቻላል። ብዙ መዝገቦች ካሉና ለእያንዳንዱ የተለየ ምልክት ከተፈለገ ይህ ሁለተኛው ይሻላል።

ምልክቱን ዴስክቶፑ ገጽ ላይ ባደርገውስ?

ወዳጄ ሜኑ መክፈትን እንኳ አልወደደም፤ ምልክቱ ፊት ለፊቱ እንዲሆን ፈለገ። ጂኖም በ2018 በወጣው 3.28 ስሪቱ በዴስክቶፕ ገጽ ላይ ምልክት ማስቀመጥን ትቶታል፤ ኡቡንቱ ግን በተጨማሪ ቅጥያ አማካይነት አቆይቶታል። ማስጀመሪያ ፋይሉን ወደዚያ ገልብጣችሁ ጠቅ ስታደርጉት ግን እንደ ተራ ጽሑፍ ሊከፈት ወይም አልታመንም ሊል ይችላል። በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ እንዲጀምር መፍቀድ ያስፈልጋል።

ይህ ክልከላ ያለ ምክንያት አልመጣም። ማስጀመሪያ ፋይል የፈለገውን ስም፣ የፈለገውን ምልክት መያዝ ይችላል። «የደመወዝ ዝርዝር» የሚል ስምና የሰነድ ምልክት ለጥፎ በ«ኤግዜክ» መስመሩ ፋይሎቻችሁን የሚያጠፋ ትእዛዝ ሊደብቅ ይችላል። የጂኖም ፋይል አቀናባሪ በሆነው ኖቲለስ ላይ በ2017 የተመዘገበው የደህንነት ቀዳዳ ይኸው ነበር፤ የተንኮል ማስጀመሪያ ፋይል ራሱን ሌላ ዓይነት ሰነድ አስመስሎ ማቅረብ ይችል ነበር። ስለዚህ ከሰው የተላከላችሁን ማስጀመሪያ ፋይል በጽሑፍ ማረሚያ ከፍታችሁ «ኤግዜክ» ምን እንደሚል ሳታዩ ፈቃድ አትስጡት።

የስዕል ምልክቱን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። «አይኮን» በሚለው መስመር ላይ የስዕሉን ሙሉ አድራሻ መስጠት ይበቃል። አንዳንዴ ፕሮግራሙ ሲከፈት ከጎን ባለው አሞሌ ላይ ሌላ ስም የለሽ ምልክት ይጨመራል፤ ይህ የሚሆነው ዴስክቶፑ የተከፈተውን መስኮት ከማስጀመሪያ ፋይሉ ጋር ማዛመድ ሲያቅተው ነው። መስኮቱ የሚጠራበትን የክፍል ስም «ኤክስፕሮፕ» በሚባለው መሣሪያ አውቃችሁ «ስታርታፕ ደብሊውኤም ክላስ» በሚለው መስመር ላይ ስትጽፉት ሁለቱ አንድ ይሆናሉ።

አሁንም እምቢ ካለ ከየት ልጀምር?

ከመገመት በፊት የፋይሉን አጻጻፍ አስመርምሩ። «ዴስክቶፕ ፋይል ቫሊዴት» የሚባል መሣሪያ ማስጀመሪያ ፋይሉን አንብቦ ከደንቡ የወጣውን መስመር ይናገራል። ቀጥሎ «ጂቲኬ ላውንች» በሚባለው ትእዛዝ ማስጀመሪያ ፋይሉን በስሙ ከተርሚናል ጥሩት። ይህ መንገድ ፕሮግራሙን በቀጥታ አይደለም የሚያስነሳው፤ የማስጀመሪያ ፋይሉን መስመሮች እየተከተለ ነው፣ እና የሚፈጠረውን ስህተት ብዙ ጊዜ እዚያው ያሳያችኋል። ካልሆነም «ጆርናል ሲቲኤል» በተጠቃሚው ስም የተመዘገቡትን የመጨረሻ መልእክቶች ያወጣል፤ ሰሚ አጥቶ የነበረው ንግግር እዚያ ተጽፎ ይገኛል።

ለወራት ሲሠራ የኖረ ምልክት ሥርዓቱ ወደ አዲስ ስሪት ካደገ በኋላ በድንገት ጸጥ ካለ ግን ማስጀመሪያ ፋይሉን ትታችሁ ወደ ላይብረሪዎቹ ሂዱ። ራሳችሁ ኮምፓይል ያደረጋችሁት ፕሮግራም የተገናኘው በዚያን ቀን ከነበሩት ላይብረሪዎች ጋር ነው። ጥቅል ቢሆን ኖሮ ስርጭቱ አብሮ ያድሰው ነበር፤ የእናንተን ግን የሚያስታውስላችሁ የለም። «ኤልዲዲ» የሚለው ትእዛዝ ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች ይዘረዝርና ያጣቸውን አልተገኘም ይላቸዋል። ያኔ ኮምፓይሉን መድገም ነው።

እኔም ደግሜዋለሁ፣ በሌላ ምክንያት። የፊደል ሰንጠረዡን ጨርሼ ካወጣሁ በኋላ መመርመሪያው ስለማያስፈልግ ያለ እሱ ኮምፓይል አደረግሁና «ተርሚናል» የሚለውን መስመር ወደ «ፎልስ» መለስኩት፤ ጥቁሩ መስኮት ጠፋ። የቀረው ስሙ ነበር። ደንቡ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የተለየ ስም ይፈቅዳል፤ ከ«ኔም» ቀጥሎ በካሬ ቅንፍ የአማርኛን መለያ «ኤኤም» ጽፌ «የእድር መዝገብ» ብዬው ነበር። ሜኑው ግን የእንግሊዝኛውን ስም ማሳየቱን ቀጠለ፤ የአማርኛው መስመር የሚነበበው የሥርዓቱ ቋንቋ ራሱ አማርኛ ሲሆን ነው፣ የወዳጄ ላፕቶፕ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ፋይሉ ዩኒኮድ ስለሚቀበል አማርኛውን በቀጥታ በዋናው «ኔም» መስመር ላይ ጻፍኩት። አሁን ወዳጄ መፈለጊያው ላይ «እድር» ብሎ ሲጽፍ አንድ ምልክት ብቻ ይመጣል።